የሁለት ሰዓት ቪዲዮ አይቶ አስቤስቶስ ማንሳት ይቻላል?

ባለመዶሻው፦
ሰላም ወገን። ሜሪላንድ ውስጥ አሮጌ አፓርታማ የሚያድስ ኮንትራክተር ጋ ነው የምሠራው። አሁን የያዝነው ሕንፃ በ1950ዎቹ የተሠራ ነው። ቤዝመንት ውስጥ የቦይለሩ ቧንቧ በነጭ ኢንሱሌሽን (ሙቀት በሚይዝ ሽፋን) ተጠቅልሏል፤ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሳይሆን አይቀርም። መታጠፊያዎቹ ጋ ተሰነጣጥቆ ዱቄቱ ወለል ላይ ረግፏል። አለቃችን የሁለት ሰዓት ቪዲዮ አሳይቶ ሰርተፊኬት ሰጠንና «ሰኞ አንሱት» አለ። ኤን95 ማስክ አለኝ። ይበቃል?

የባልቲሞሩ፦
በፍጹም እንዳትነካው! እኔ በዚሁ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ሱፐርቫይዘር ነኝ። የሁለት ሰዓቱ ትምህርት አስቤስቶስ ያለበት ሕንፃ ለሚያጸዱ ሰዎች ነው፤ አይተው እንዲለዩትና እንዳይነካኩት። የቧንቧ ኢንሱሌሽን ማንሳት ግን ኦሻ (የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት) «ክላስ 1» ከሚለው፣ ከከባዱ ሥራ ይመደባል። ኮርሱ 4 ቀን፣ 32 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 14 ሰዓቱ በእጅ የሚሠራ ልምምድ መሆን አለበት።

ለምሳሌ ግላቭ ባግ የሚባለውን አሠራር እንይ። ጓንት የተገጠመለት ትልቅ ላስቲክ ነው። ቧንቧውን ታለብሰውና ዙሪያውን ታሽገዋለህ። እጅህን በጓንቱ አስገብተህ መጀመሪያ ታርሰዋለህ። ውሃ ብቻውን ላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ሌላ ፈሳሽ ይቀላቀልበታል። መቁረጥ ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ብቻህን ከላኩህ እዚያው ላይ ሕጉ ፈርሷል።

ኤን95ን እርሳው። ፊትህ ላይ ግጥም የሚል፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ሐምራዊ ፒ100 ፊልተር ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልግህ። ጺም ካለህ ትላጫለህ። (የእኛ ልጆች በዚህ ሲያኮርፉ ብዙ አይቻለሁ!) የሥራ ልብስህንም ቤት ይዘህ እንዳትገባ። የባላቸውን ልብስ በማጠብ ብቻ የታመሙ ሚስቶች አሉ። በሽታው 20፣ 30 ዓመት ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ያን ጊዜ ኮንትራክተሩን የት ታገኘዋለህ?

ባለመዶሻው፦
እሺ፣ ግን ኮርሱን ማን ይከፍላል? እኔ አሁን አቅሙ የለኝም።

ሰላም ከዲሲ፦
አሠሪው ነው የሚከፍለው፤ የኦሻ ደንብ ነው። ትምህርቱም በሚገባህ መንገድ መሰጠት አለበት፤ እንግሊዝኛው ከከበደህ ተናገር። ጠየቅክ ብሎ ቢያባርርህ ደግሞ አትዘግይ። ለኦሻ አቤቱታ ማቅረቢያው 30 ቀን ብቻ ነው።

የባልቲሞሩ፦
ከሰኞ በፊት «የላብራቶሪ ውጤቱ የታለ?» በለው። እስከ 1980 በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ያለ የቧንቧ ኢንሱሌሽን ተመርምሮ ነፃ ካልተባለ እንደ አስቤስቶስ ነው የሚያዘው። ደግሞ በቃል እንዳይሆን፣ ቴክስት ላክለት።