ከጎንደር ወደ ኬንያ በአሮጌ መኪኖች፦ አምስቱንም እንውሰድ ወይስ እንቀንስ?

የአዘዞው ቮልስ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችን ቮልስ፣ አራተኛው ፔጆ 404፣ አምስተኛው ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን ፊያት 600 እንነዳለን። እስካሁን በእነዚህ መኪኖች የሄድነው ቢበዛ እስከ ባሕር ዳር ሲሆን፣ ከዚያ ውጪ ሥራቸው ሙሽራ ማጀብና እሑድ እሑድ ፒያሳ ተደርድሮ መታየት ሆኗል። ዘንድሮ ግን ጥምቀትን በአፄ ፋሲል መዋኛ ካከበርን በኋላ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ፣ ከተሳካም ሞምባሳ ደርሰን ለመመለስ አስበናል።

ቀድሞ ለጎንደር ሰው ቅርቡ ውጭ አገር በመተማ በኩል ሱዳን ነበር፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ጦርነት በመኖሩ ያንን መንገድ ትተነዋል። እስከ አዲስ አበባ ያለውንም ቢሆን ሰላም መሆኑን ሳናረጋግጥ አንነሣም፤ ስለዚህ የመነሻ ቀናችን ገና አልተቆረጠም።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ምን ምን ሰነድ ያስፈልገናል? መኪኖቹን እንዴት እናዘጋጅ? አምስቱም መኪኖች መሄድ አለባቸው ወይስ በሦስት ተጠቃለን እንሂድ? የመጨረሻውን ጥያቄ የፊያቱ ባለቤት እንደሚያነበው እያወቅሁ ነው የጻፍሁት።

የአውቶፓርኮ መካኒክ

ልጄ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ሦስት ቮልስ አብረው መሄዳቸው ትልቅ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም አንድ መለዋወጫ ይዛችሁ ለሦስት መኪና ትጠቀሙበታላችሁ። ፔጆው ሰፊ በመሆኑ ክሪኩን፣ ጀሪካኑንና መፍቻውን ይሸከምላችኋል። ፊያቱ ግን 12 ኢንች ጎማ ነው የሚያደርገው፤ የእናንተ ቮልሶች ደግሞ 15 ኢንች። የፊያቱ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ከፈነዳ ከአራቱ መኪኖች አንዱም ሊያበድረው አይችልም፤ ሰሜን ኬንያ ማርሳቢት አካባቢም የዚያ ልክ ጎማ እንደማይጠብቃችሁ እወቁ። በዚያ ላይ የእሱ ሞተር በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ የቮልሱ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ከዘይትና ከቤንዚን በቀር የሚጋሩት ነገር የለም ማለት ይቻላል። መኪናውን ንቄ አይደለም፤ እኔም ሙያውን የተማርሁት በፊያት ነው።

ስለ ዝግጅቱ ከሁሉ በፊት የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ብዙ ባለ ቮልሶች ካርቡራቶሩ ጥቁር ጭስ እንዳያወጣ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን በጠባብ አስቀይረዋል። ይህ እዚህ ትክክል ነው። ሞምባሳ ባሕር ዳርቻ ላይ ስትደርሱ ግን አየሩ ወፍራም ሆኖ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ በአየር ብቻ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ይህ አደጋ ነው። የድሮዎቹን ብሎኖች በትንሽ ቆርቆሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከናይሮቢ ቁልቁል ከመውረዳችሁ በፊት ቀይሯቸው፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የካንዴላ እሳትም ቀድሞ የሚነሣ ከሆነ ጥቂት አዘግዩት።

ሁለተኛው የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቃችኋል፤ የእናንተ መኪኖች የፍሬን ሸራ ደግሞ በታንቡር ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ ሲግል መያዝ ያቆማል። ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ፤ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፤ በመካከሉም ቆማችሁ አስቀዝቅዙ። በረሃው ውስጥ መኪናው በድንገት ቢጠፋና አልነሣ ቢል ካንዴላ ለመፍታት አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሆኖ ፖምፓው መሳብ አቅቶት ነው። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጣል አድርጋችሁ ቡና እስክትጠጡ ድረስ ተዉት።

ቮልስ ላይ ቺንጊያ ከተበጠሰ ዲናሞው ብቻ ሳይሆን የማቀዝቀዣው ማራገቢያም ይቆማል፤ ስለዚህ ቀዩ መብራት ከበራ እዚያው ዳር ያዙ፤ «እስከሚቀጥለው ከተማ» የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሁለት ቺንጊያ ያዙ። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ በመሆኑ ማለዳ ማለዳ ሳትለኩ አትነሡ። መቼም እነዚህ መኪኖች ለዚያ መንገድ እንግዳ አይደሉም፤ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1962 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው ቮልስ ነበር፤ በ1963 እና በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከተነሡት መኪኖች ሰባት ሰባት ብቻ ሲጨርሱ ሁለቱንም ጊዜ አንደኛ የወጣው ፔጆ 404 ነው።

መተማን የማውቅ

ወንድሜ፣ ጋሼ መካኒኩ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ድንበር ላይ ኮፈን ከፍቶ የሚያይ ሰው የለም፤ የሚታየው ወረቀት ነው። ከጦርነቱ በፊት በ2004 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በመተማ በኩል ገዳሪፍ ሄደን ነበር። መኪናችን እንከን አልነበረባትም፤ ሆኖም አንዱ ጓደኛችን የያዛት መኪና ሊብሬ በወንድሙ ስም በመሆኑና የውክልና ወረቀት ባለመያዙ ተመልሶ ሸኸዲ አደረ። እኛም ትተነው መሄድ ስላልሆነልን አብረን አደርን።

ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱ ሊብሬ በማን ስም እንደሆነ ተመልከቱ። በሹፌሩ ስም ካልሆነ ድንበር ማቋረጥን በግልጽ የሚፈቅድ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀና በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ውክልና ያስፈልጋል። የዘንድሮው ቦሎም መለጠፍ አለበት። ቀጥሎ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የሦስተኛ ወገን መድን ኢንሹራንስ ከገባችሁበት ድርጅት ትወስዳላችሁ፤ ኬንያ የዚህ ስምምነት አባል ስለሆነች እዚያ ሌላ መድን ከመግዛት ያድናችኋል። ከቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ጋር አታምታቱት፤ ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የመኪናው፣ ሌላው የእናንተ ነው።

ካርኔ የሚባለው መጽሐፍ መኪናው በአገሩ እንደማይሸጥና ተመልሶ እንደሚወጣ በገንዘብ ዋስትና የሚያረጋግጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ክፍል አለው፦ ሲገባ የሚቆረጥ፣ ሲወጣ የሚቆረጥ፣ በእጅ የሚቀር ጉርድ። ግብፅን የመሰሉ አገሮች ያለ እሱ አያስገቡም፤ ለኬንያ ብቻ ግን ድንበር ላይ የሚሰጠውን ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ መጠቀም ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ በእኛ በኩል ስላለው ጉምሩክ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። መኪናችሁ ስትወጣ በጊዜያዊነት እንደወጣች፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯ ተመዝግቦ፣ ማኅተም ካልተደረገበት ስትመለሱ እንደ አዲስ አስመጪ ልትቆጠሩ ትችላላችሁ። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን አሁኑኑ አረጋግጡ፤ በእነዚህ አሮጌ መኪኖች ላይ ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ ያልተቀየረ ጥቂት ነው።

የማራኪ ልጅ

እኔ ናይሮቢ አራት ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስሁት። በሰነዱም በሞተሩም ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ያልተነሣው ግን ኬንያ በግራ በኩል እንደሚነዳ ነው። ሞያሌ ላይ ስትሻገሩ መንገዱ ባዶ ስለሆነ ችግሩ አይታወቃችሁም። የሚያሳስተው ጠዋት ከሆቴል ስትወጡ ወይም ቤንዚን ቀድታችሁ ስትነሡ ነው፤ እጅ በልማድ ወደ ቀኝ ይዞራል። መሪያችሁ በግራ በመሆኑ ደግሞ ከከባድ መኪና ኋላ ስትሆኑ ሹፌሩ የሚያየው የመንገዱን ዳር ብቻ ነው፤ ከፊት የሚመጣውን የሚያየው በቀኝ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና ሁለት ሰው መያዝ አለበት፤ ቀኙ ላይ ያለውም እንቅልፋም መሆን የለበትም። የፊት መብራታችሁም ለቀኝ ነጂ የተሠራ በመሆኑ ከፊት የሚመጣውን ዓይን ያጠፋል፤ ማታ ባትነዱ ይሻላል።

ከጎንደር ናይሮቢ አንድ ጉዞ 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን 300 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ብታስቡ ስምንት ቀን ይፈጃል፤ አንድ ቀን ደግሞ ለመኪና ሕመም ጨምሩ። ጋሼ መካኒኩን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ጓደኛን በጎማ ልክ መለየት ግን ከበድ ይላል። ፊያቱ ቢቀር እንኳ ባለቤቱ መቅረት የለበትም።

የአዘዞው ቮልስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ትናንት ማታ ተሰብስበን መልሶቻችሁን አንድ በአንድ አነበብን። የፊያቱ ነገር ጎማው ዘንድ ሳይደርስ ሊብሬው ላይ አበቃ፤ ጓደኛችን ከመሳቢያ አውጥቶ ሲያሳየን አሁንም በሟች አባቱ ስም ነው፤ የውርሱ ጉዳይ ደግሞ ከእኅቶቹ ጋር ገና አላለቀም። አንድ ሰው ሳይናገረው እሱ ራሱ «ይቺ ጥር ላይ አትደርስም» ብሎ ዘጋው። ከእኔ ቮልስ ላይም የሞተር ቁጥሩን ስንፈልግ ከሊብሬው ጋር በሁለት አኃዝ ይለያያል፤ ሰኞ መንገድ ትራንስፖርት ሄጄ ካላስተካከልሁ እኔም ከቀሪዎቹ እሆናለሁ።

እስካሁን የቆረጥነው ሁለት ቮልስና ፔጆው እንዲሄዱ ነው። የፊያቱ ባለቤት ፔጆው ላይ በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ ከመካከላችን መንገድ ላይ የማይተኛው እሱ ብቻ ነው። ጋሼ፣ የካርቡራቶሩን ነገር ለማሳየት ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱንም ይዘን አውቶፓርኮ ብንመጣ ይመችዎታል?