የጣቢያ ለውጥን የሚከለክል ውል፦ ቀድሜ ላመልክት ወይስ ክስ ልጠብቅ?

በአዲስ አበባ በአንድ የግል ቴሌቪዥን ጣቢያ የውይይት ፕሮግራም አቅራቢ ነበርኩ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ለቅቄያለሁ። ውሌ ግን ከለቀቅሁ በኋላ ለአንድ ዓመት በማናቸውም የቴሌቪዥን፣ የሬዲዮ ወይም የዩቲዩብ ፕሮግራም ላይ እንዳልቀርብ ይከለክላል፤ ለዚህ ጊዜ የሚከፈል ካሳ ግን የለም። የምስጢር ጥበቃ አንቀጹን አልቃወምም፤ ያልተላለፈ ዝግጅትና የእንግዶች አድራሻ የጣቢያው ነው፣ ፊቴና ድምፄ ግን ምስጢር አይደሉም። ክልከላው በተመሳሳይ ፕሮግራም ብቻ እንዲወሰን በጽሑፍ ብጠይቅም የሰው ኃይል ክፍሉ «ፈርመሃል» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠኝም፤ ሊቀጥረኝ የተስማማው ጣቢያም ክስ ፈርቶ ቅጥሩን አዘግይቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ሙያን የመምረጥ መብት መስጠቱን አንብቤያለሁ። በእንዲህ ያለ ጉዳይ የተከራከራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ አዲሱን ሥራ ከመጀመሬ በፊት የውሉ የክልከላ አንቀጽ እንዲሻር ወይም እንዲጠብብ ለፍርድ ቤት ማመልከት እችላለሁ ወይስ ጣቢያው እስኪከሰኝ መጠበቅ አለብኝ?