ሁለት ፎቶ ከባቲ ገበያ፣ አንድ ከደሴ፦ ጉድለታቸውን ንገሩኝ

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ከዚህ ጽሑፍ ጋር ሦስት ፎቶዎችን አያይዣለሁ። ሁለቱ ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ የተነሡ ሲሆኑ ሦስተኛው እዚሁ ደሴ በአክስቴ ቤት የተነሣ ነው። ሦስቱንም ያነሣሁት በላይካ ኤም8 ካሜራና በ35 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ከዚህ በፊት ለረጅም ጊዜ የሠራሁት በውስጡ መስታወት ባለው በተለመደው ዲጂታል ካሜራ ስለነበር፣ በትንሽ መስኮት እያዩ ሁለት ምስሎችን አገጣጥሞ ፎከስ ማድረግ ለእኔ አዲስ ልማድ ነው። ሆኖም ሰው ፊት ላይ ትልቅ ሌንስ ሳልደግን መሥራት መቻሌን እጅግ ስለወደድሁት ካሜራውን ልተወው አልፈልግም።

የመጀመሪያው ፎቶ ጥቁር ሂጃብ የለበሰች፣ ቅቤዋን በሰፊ ቅጠል ሸፍና የተቀመጠች ሴት ያሳያል። ሂጃቡ በዓይኔ ሳየው ድፍን ጥቁር ነበር፤ በፎቶው ላይ ግን የወይን ጠጅ ቀለም ይዟል፤ ቅጠሉም ወደ ቢጫ ሄዷል። ከጎኗ የተዘረገፈው ከሰል ግን ጥቁር እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ከግመል ተራ የተነሣ ነው፤ አንድ የአፋር አርብቶ አደርና አንድ ነጋዴ ዋጋ ሲከራከሩ ግመሏ በመካከላቸው አንገቷን አስግጋ ቆማለች። ሳነሣው በመመልከቻው ውስጥ የፎቶውን ጠርዝ በሚያሳየው ነጭ መስመር ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ሰዎችና ግመሏ ብቻ ነበሩ፤ ፎቶውን ስከፍተው ግን በግራ በኩል የባጃጅ ፊት፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የማላውቀው ሰው ክንድ ገብቶበታል። ሦስተኛው አክስቴ ቡና ስትቀዳ የሚያሳይ ሲሆን፣ የመስኮቱ ብርሃን ከጎን ይመጣል፤ አፐርቸሩም (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ሰፋ ብሎ ኤፍ 2 ላይ ነበር። የጀበናው አፍ ጥርት ብሏል፣ ፊቷ ግን ደብዝዟል፤ በትከሻዋ ላይ ያለው ነጠላም ድፍን ነጭ ሆኖ የሽመናው ክር እንኳ አይለይም።

የእነዚህ ነገሮች ምንጭ ካሜራው ነው፣ ሌንሱ ነው ወይስ አያያዜ? ከዚህም ባሻገር፣ ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ ፎቶዎቹ እንደ ፎቶ ምን እንደሚጎድላቸው፣ ሥራውን የሚያውቅ ዓይን የሚያየውን ሁሉ ሳትራሩ እንድትነግሩኝ እለምናለሁ።

ሐይቅ ዳር (ተሁለደሬ)

ወንድሜ፣ ስለ ወይን ጠጁ ቀለም ላስቀድም፤ ይህ የአንተ አያያዝ ያመጣው አይደለምና። ኤም8 እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ ኤም ከሚባሉት የላይካ ካሜራዎች የመጀመሪያው ዲጂታል ነው። የኤም ሌንሶች የኋላ ጫፍ ለሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ ለሚያደርገው ክፍል) በጣም ስለሚቀርብ ብርሃኑ በፎቶው ጥግ ላይ የሚያርፈው አግድም ብሎ ነው፤ በሴንሰሩ ፊት ወፍራም የማጣሪያ መስተዋት ቢቀመጥ ደግሞ የጥጎቹ ጥራት ይበላሻል። ሠሪዎቹም መስተዋቱን አሳሱት፤ በዚህም የተነሣ ለዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ከሌሎች ካሜራዎች በበለጠ ወደ ሴንሰሩ ያልፋል። ከናይለን ወይም ከፖሊስተር የተሠራ ጥቁር ጨርቅ የሚታየውን ብርሃን ቢውጥም ኢንፍራሬዱን ግን ይመልሰዋል፤ ሴንሰሩም ያንን ከቀለም ቆጥሮ ይመዘግበዋል። ለምለም ቅጠልም ኢንፍራሬድን አብዝቶ የሚመልስ ስለሆነ የቅቤው መሸፈኛ ወደ ቢጫ ሄደ። ከሰል ሁለቱንም ስለሚውጥ ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤ ከጎን መግባቱ ነገሩን ያለ ክርክር ያስረዳል።

መፍትሔው በሌንሱ ፊት የሚጠለቅ የኢንፍራሬድ መከላከያ ፊልተር ነው። ኩባንያው ራሱ ችግሩ በታወቀ ጊዜ ለካሜራው ገዢዎች ሁለት ሁለት ፊልተር በነጻ ሰጥቶ ነበር፤ ካሜራውን የሸጠልህ ሰው አስቀርቶት እንደሆነ ጠይቀው። በኮምፒውተር ላይ የወይን ጠጁን ቀለም ልቀንስ ብትል ከሂጃቡ ጋር የሴትዮዋን የከንፈርና የጉንጭ ቀለም አብረህ ትወስድባታለህ፤ ስለዚህ አልመክርህም። ፊልተሩን ስትገዛ በሌንሱ ፊት ዙሪያ የተጻፈውን የዲያሜትር ቁጥር ማረጋገጥ አትርሳ። ከ35 ሚሊሜትር የሚሰፋ ሌንስ ወደ ፊት ብትይዝ ደግሞ ፊልተሩ በጥጎቹ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ ያዘለ ጥላ እንደሚያመጣ ከአሁኑ እወቅ።

ባጃጁ የገባበት ምክንያት ሌላ ነው። በሬንጅፋይንደር፣ ማለትም እንደ አንተ ባለው ሁለት ምስል በሚያገጣጥሙበት ካሜራ፣ የምታየው በሌንሱ በኩል ስላልሆነ መስመሮቹ ሌንሱ የሚይዘውን የሚገምቱ ናቸው። ሌንሱ ወደ ሩቅ ፎከስ ሲያደርግ የሚይዘው ስፋት ይጨምራል፤ የመስመሮቹ መጠን ግን አይለወጥም። የኤም8 መስመሮች የተሰሉት ሌንሱ ሊቀርብ ለሚችልበት ለ0.7 ሜትር ርቀት ነው። በዚህ ምክንያት ሦስትና አራት ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ፎቶው በአራቱም ጎን ከመስመሩ አልፎ ይይዛል። ቅሬታው ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ኤም8.2 ላይ መስመሮቹን ለ2 ሜትር አስተካክለዋቸዋል። አንተ ግን ለራቀ ነገር ከመስመሩ ውጭ ያለውን ቀጭን ዙሪያ እንደ ፎቶው አካል ቁጠረው። በተጨማሪም የ35 ሚሊሜትር ሌንስ ሲገጠም የ24 ሚሊሜትር ሌንስ መስመርም አብሮ ስለሚታይ፣ የምትከተለው የውስጠኛውን መሆኑን ልብ በል።

ሁለተኛውን ፎቶ በግራም በቀኝም ቁረጠው፤ ምንም አይጎዳውም።

የወልድያ መንገድ

ጋሼ ሐይቅ ዳር ስለ መስመሮቹ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ በመቁረጡ ላይ ግን አልስማማም። ፎቶውን ደጋግሜ ተመለከትሁት። የአርብቶ አደሩ ዓይን ያለው በነጋዴው ላይ ሳይሆን በግራ በኩል ካለው ከአንድ ነገር ላይ ነው፤ ምናልባት ሌላ ግመሉ፣ ምናልባትም አብሮት የመጣ ልጅ ይሆናል። ባጃጁን ለማስወገድ ግራውን ከቆረጥን ዓይኑ የሚሄድበት ቦታ ይጠፋና ሰውየው ግድግዳ የሚያይ ይመስላል። የፎቶው ትልቁ ችግር እኔ እንደማየው ሌላ ነው፤ የግመሏ አፍንጫ የነጋዴውን አገጭ ነክቶታል፤ ስለዚህ ሁለቱ ፊቶች አንድ ጥቁር ጓል ሆነው ክርክሩ የቱ ጋ እንዳለ አይታይም። ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ ብትሄዱ ኖሮ በመካከላቸው ሰማይ ይገባ ነበር፤ የእንስሳዋም አንገት ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኝ መስመር ይሆን ነበር። በነጋዴው እጅ ላይ ያለው ነገር ግን እጅግ ግሩም ነው፤ ዋጋ እየቀነሰ እየተከራከረ እጁ ቀድሞ ግመሏን እንደ ራሱ ንብረት ይዳብሳታል። እኔ ብሆን ያንን እጅ ተከትዬ አንድ እርምጃ ወደ ፊት እቀርብ ነበር።

እኔ የምሠራበት ኤፕሰን አርዲ1 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ የመጀመሪያው ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ነበር፤ ስድስት ሚሊዮን ፒክስል ብቻ ያለው፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላም ሸተሩን እንደ ፊልም ካሜራ በአውራ ጣት የሚያዘጋጁበት። መመልከቻው ነገሮችን በትክክለኛ መጠናቸው ስለሚያሳይ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ መሥራት ይቻላል። በኤም8 መመልከቻ ነገሮች አነስ ብለው ስለሚታዩ ይህ አይመችም፤ ቢሆንም ከመስመሩ ውጭ የሚመጣውን ማየት እናንተም ትችላላችሁ፤ የዚህ ዓይነት ካሜራ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው። ባጃጁ ወደ መስመሩ ከመድረሱ በፊት ይታይ ነበር፤ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረብዎ።

በገበያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፎቶ ሁለቱን ምስሎች ማገጣጠም ጊዜ ይበላል። በባቲ የረፋድ ፀሐይ፣ በ160 አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ቀዳዳው ጠበብ ባለበት በኤፍ 8፣ ሸተሩ የሚከፈተው ለ1/500 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ሌንሱን 3 ሜትር ላይ አድርገው ቢተዉት ከ2 ሜትር እስከ 5 ሜትር ያለው ሁሉ በቂ ጥራት ይኖረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራዎ መቆሚያ መምረጥ ብቻ ነው። በሌንሱ ላይ የተቀረጸው፣ ከየት እስከ የት ጥርት እንደሚል የሚያሳየው መለኪያ የተሰላው ለሙሉ የ35 ሚሊሜትር ፊልም መሆኑን ግን ያስታውሱ፤ የኤም8 ሴንሰር ከዚያ ስለሚያንስ በኤፍ 8 ሲሠሩ የኤፍ 5.6ን ምልክት ቢያነቡ ይሻላል። ከተቻለም ወደ ገበያው በጠዋት ይድረሱ፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትቆም ጥምጣምና ሻሽ በዓይን ላይ የሚጥለውን ጥላ ማንም ሌንስ አያነሣውም።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ስለ ሦስተኛው ፎቶ ማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን ከሦስቱ የምወደው እርሱን ነው። ደሴ ውስጥ ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ቀደም ብላ ስለምትገባ ከሰዓት በኋላ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ለስለስ ያለ ነው፤ አንተም ያንን አይተህ አክስትህን ከመስኮቱ ጎን ማግኘትህ ጥሩ ዓይን እንዳለህ ያሳያል። ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ በግማሽ ጥላ፣ በግማሽ ብርሃን መደርደራቸውም ፎቶውን ከታች አጽንቶ ይዞታል።

ፊቷ የደበዘዘው በቀላል ምክንያት ነው። በ35 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 2፣ አንድ ሜትር ላይ ላለ ነገር ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 7 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቡና የምትቀዳ ሴት እጇን ዘርግታ ስለምትቀዳ ከጀበናው አፍ እስከ ዓይኗ ያለው ርቀት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱን በአንድነት ማግኘት ስለማይቻል መምረጥ ግድ ነበር፤ ካሜራው ግን ወደ ጀበናው ሳበህ፤ ምክንያቱም በመመልከቻው መሐል ያለችው፣ ሁለቱ ምስሎች የሚገጥሙባት ትንሿ አራት ማዕዘን የምትሠራው ጎላ ያለ መስመር ስታገኝ ነው። በጨለም ያለ ቤት፣ ዕጣን እየጨሰ፣ የሰው ጉንጭ መስመር አይሰጥም፤ የጀበናው አንገት ግን ይሰጣል። እኔ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የምፈልገው በፊት ዙሪያ የሚያልፈውን የነጠላ ጥለት ነው፤ ባለቀለሙ ጠርዝ ሁለቱ ምስሎች ሲገጥሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከዓይንም ብዙ አይርቅም። ጥለቱን ካገጣጠምህ በኋላ ፎቶውን ለማቀናበር ካሜራውን ስታዞር ሰውነትህን ወደ ፊትም ወደ ኋላም አታወዛውዝ፤ በኤፍ 2 ትንሽ ማዘንበል ይበቃል።

የነጠላው ጉዳይም ከጀበናው ጋር የተያያዘ ነው። የዚህ ካሜራ ብርሃን መለኪያ ለመሐሉ አብዝቶ ስለሚያደላ፣ መሐል ላይ ጥቁር ጀበና ሲያገኝ ቤቱ ሁሉ ጨለማ ይመስለውና ብርሃኑን ያበዛል። ዲጂታል ፎቶ ላይ አንድ ጊዜ ድፍን ነጭ የሆነ ቦታ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ካሜራውን ወደ ነጠላው አስጠግተህ ብርሃኑን ለካ፤ መለኪያው ነጩን ወደ ግራጫ ለማውረድ ስለሚሞክር ከዚያ ላይ አንድ ስቶፕ ተኩል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) ጨምርና ቁጥሩን በእጅ አስረው። ጥላው ይጠቁራል፤ ይጥቆር። የማድ ቤት ጥግ መጥቆሩ ያለ ነው፤ የነጠላ ክር መጥፋቱ ግን የአክስትህን ትከሻ ከወረቀት የተቆረጠ አስመስሎታል።

አንድ ነገር ደግሞ ፈትሽ። ሩቅ ካለ ሚናራ ወይም የመብራት ምሰሶ ላይ አነጣጥረህ ሌንሱን ወደ ሩቁ በኩል እስከ መጨረሻው አዙረው፤ ሁለቱ ምስሎች ፍጹም ካልገጠሙ መገጣጠሚያው ስለተዛነፈ በባለሙያ መስተካከል አለበት። አሮጌ ካሜራ በሻንጣ ተጉዞ ሲመጣ ይህ ያጋጥማል።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በፉርቃን መስጊድ ሚናራ ላይ ሞከርሁት፤ ሁለቱ ምስሎች በትክክል ይገጥማሉ፤ ስለዚህ የቡናው ፎቶ ነገር እኅቴ ቦርከና ዳር እንዳለችው የጥልቀትና የመስመር ጉዳይ ነው ማለት ነው። የግመሉን ፎቶ አልቆርጠውም። ጋሼ ሐይቅ ዳር ቅር እንዳይላቸው፤ የአርብቶ አደሩን ዓይን የወልድያ መንገድ ከጻፉ በኋላ ሳየው፣ በግራ በኩል ያለው ክፍት ቦታ ከባጃጁ ጋርም ቢሆን መቅረት እንደሌለበት ተረዳሁ።

ለቡናው ሥራ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 4 ባወርድና አይኤስኦውን 640 ባደርግስ? ፊልተሩ እስኪገኝ ድረስም የቅቤ ሻጯን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ልቀይረው አስቤያለሁ። የወይን ጠጁም ቀለም አብሮ ይጠፋል።

የወልድያ መንገድ

640 በኤም8 ላይ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ጥላው ይቆሽሻል። ይህ ካሜራ የሚገላበጥ መስታወት ስለሌለው እጅዎ ከተደገፈ በ1/30 ሰከንድ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ አክስትዎ ስኒውን ሞልታ ጀበናውን ቀና ከማድረጓ በፊት ያለችውን ቅጽበት ብቻ ይጠብቁ፤ ያን ጊዜ እጇ ይረጋል።

ሐይቅ ዳር (ተሁለደሬ)

ቅር አላለኝም፤ ስለ ዓይኑ የተባለው እውነት ነው። ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየሩንም እደግፈዋለሁ፤ ኤም8ን ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚይዙት ለዚሁ ሥራ ነው፤ ያ የሚያስቸግረው ኢንፍራሬድ በጥቁርና ነጭ ላይ ለቆዳ ልስላሴ ይሰጣል።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

የሌላውን ሁሉ ቀይር፤ የቅቤ ሻጯን ግን ተው። ያ ፎቶ የቆመው በሦስት ቀለም ነው፤ በጥቁሩ ጨርቅ፣ በአረንጓዴው ቅጠልና ቅጠሉ ገለጥ ባለበት በኩል በሚታየው በቅቤው ቢጫ። ጥቁርና ነጭ ብታደርገው ቅቤውና ቅጠሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው የምትሸጠው ነገር ምን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ፊልተሩን አስመጣና አንድ ሰኞ ወደ ባቲ ተመለስ፤ ገበያተኛ ቦታውን ስለማይቀያይር እዚያው ከከሰሉ አጠገብ ታገኛታለህ። ስትሄድም ይህንኑ ፎቶ አሳትመህ ውሰድላት፤ ሁለተኛውን ለማንሣት ስትጠይቃት ምን እንደምትሠራ አይታ ትፈቅድልሃለች።