የሟሟ ኦክስጅንን ለተማሪ ለማሳየት የትኛው መለኪያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሙቀትና ጨው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን እንዴት እንደሚቀንሱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሙከራ ማሳየት እፈልጋለሁ። የእንክብል ኪት፣ የዊንክለር ኪት ወይስ ሴንሰር? የቱን ትመክራላችሁ?

መልስ፦ አንድ ብቻ የምትገዛ ከሆነ ዊንክለርን ያዝ። ጠርሙሱን የአየር አረፋ ሳታስቀር ሙላው፤ ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ ቀጥሎ አልካሊ አዮዳይድ ጨምረህ ክደንና ደጋግመህ ገልብጠው። ቡናማ ዝቃጭ ከወጣ ኦክስጅን አለ፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ የለም ማለት ነው። ተማሪው ቁጥር ከማየቱ በፊት ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል፤ ለማስተማር ከዚህ የሚበልጥ የለም። ዝቃጩ ሲረጋ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሟው፤ በኦክስጅኑ ልክ ቢጫ አዮዲን ይወጣል። 200 ሚሊ ሊትሩን በ0.025 ኖርማል (የጥንካሬው መጠን ነው) ሶዲየም ታዮሰልፌት ቲትሬት አድርገው፤ ማለትም ቀለሙ እስኪጠፋ በጠብታ ጨምርበት። የፈሰሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ኦክስጅን በሊትር ነው። ማብቂያውን ለማየት የሚጨመረው ስታርች (ከአዮዲን ጋር ሰማያዊ ይሆናል) የሚገባው ቢጫው ቀለም ከገረጣ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ አዮዲኑን አጥብቆ ስለሚይዝ ሰማያዊው ቶሎ አይለቅም፣ ውጤቱም ይዛባል። ጓንትና መነጽር የግድ ነው።

መልስ፦ በዊንክለሩ እስማማለሁ፣ በተለይ ለጨው ሙከራ። ሴንሰር፣ ኤሌክትሮድም ይሁን ኦፕቲካል፣ የሚለካው የኦክስጅኑን ከፊል ግፊት (ኦክስጅኑ ብቻውን የሚያሳድረውን ግፊት) ነው፤ ሚሊግራሙን የሚያወጣው ከሙቀቱና ከጨዋማነቱ አስልቶ ነው። ጨዋማነቱን ካላስገባችሁለት፣ አየር የጠገበ ውሃ በሊትር 35 ግራም ጨው ያለበትንም ንጹሑንም እኩል ያነባል፤ ልጆቹም ጨው ለውጥ አያመጣም ብለው ይጽፋሉ። በባሕር ጠለል፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ትክክለኛው ለንጹሑ 9.1፣ ለጨዋማው 7.4 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ነው።

የውሃ ውስጥ ተክል ቀንና ሌሊት የሚያመጣውን ለውጥ ለመከታተል ግን ኦፕቲካሉን ግዙ። ኤሌክትሮዱ ራሱ ኦክስጅን ስለሚበላ ውሃው ካልተማሰለ ንባቡ እየወረደ ይሄዳል።

መልስ፦ እንክብሉን ለዚህ ትምህርት ተዉት። የብዙዎቹ የቀለም ካርድ 0፣ 4 እና 8 ብቻ ነው ያለው፤ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ከ9.1 ወደ 7.6 መውረዱ አይታይበትም።

የትኛውንም ብትገዙ፣ ውሃ አሙቆ ወዲያው መለካት አይሠራም፤ ትርፉ ኦክስጅን ገና አልወጣም። ሙቀቱን ሳትለውጡ በአኳሪየም ፓምፕ 30 ደቂቃ ያህል አየር ንፉበት። ሴንሰሩንም በመቶኛ (ውሃው በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው ስንት እጅ እንደያዘ) ሳይሆን በሚሊግራም አድርጉት፤ አየር በደንብ የጠገበ ውሃ ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም መቶኛው ወደ 100 የተጠጋ ነው።