የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ያበቃበት የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር፦ ሊኑክስ ያዋጣል?

ፒያሳ ጽሕፈት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ ላለ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ዴስክቶፖቹ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም፣ ሃርድ ዲስክ ናቸው። ዊንዶውስ 11 አይቀበላቸውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሥራው አማርኛ መጻፍና ከደንበኛ ፍላሽ ማተም ነው። አንዱ ላይ የሒሳብ መያዣ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አለ። ፕሪንተሩ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ነው። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ሲስተም ሊኑክስ ሚንት ይሆናል?

ቧንቧ ውሃ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ማሽኖቹ ገና ይሠራሉ። ቀለል ያለውን የሚንት ዓይነት፣ ኤክስኤፍሲኢን ውሰድ። 4 ጊጋ ራም ያስኬደዋል፤ ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ ሲከፈት ግን ስለሚያንቀው 8 ጊጋ አድርሰው፣ ዲዲአር 3 የሚባለው የራም ዓይነት ነው የሚገባው። ከራሙም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ሃርድ ዲስኩን በጣም በሚፈጥነው ማከማቻ፣ በኤስኤስዲ መተካት ነው።

ዊንዶውስን ከማጥፋትህ በፊት ሚንትን 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጽፈህ ሳትጭነው ከፍላሹ አስነሳው። ፕሪንተሩን እዚያው ሞክር። ፒ1102 ብዙ ሰው የሚያታክተው በዚህ ነው፦ «ተጨምሯል» ይላል፣ ወረቀት ግን አይወጣም። ምክንያቱም ከኤችፒ የሚወርድ ፕለጊን (ተጨማሪ ፋይል) ይፈልጋል። ፕለጊኑ ሊኑክስ ላይ የኤችፒ ፕሪንተሮችን ከሚያሠራው ከኤችፕሊፕ ሥሪት ጋር ካልተመሳሰለ አይሠራም፤ ኢንተርኔት ሳለ አውርደው።

ኮምቦልቻ ቴክ፦ ፕሪንተሩ ይፈታል። ከባዱ ፎንት ነው። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዡዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል አሠራር) ስላልሆነ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። ፎንቱን ከዊንዶውሱ የፎንት ፎልደር ቀድተህ ጫነው፤ ያኔ ይነበባል፣ ይታተማልም። አዲስ ጽሑፍ ግን በዩኒኮድ ብቻ ይሁን። ለመጻፍ ከሚንቱ ሶፍትዌር ማናጀር የኪቦርድ ቋንቋ መቀየሪያዎቹን አይባስንና ኤም17ኤንን ጫን፣ ወጥተህ ግባ፣ ከአማርኛ ሥር «ሴራ» የሚባለውን የአጻጻፍ ዘዴ ምረጥ።

በዊንዶውሱ የአማርኛ ፎንት በኒያላ የተጻፈ የደንበኛ ዎርድ የሚንቱ መጻፊያ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ ላይ ሌላ ፎንት ስለሚተካለት መስመሩ ይሸሻል፣ የገጹ ብዛትም ይለወጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ማውጫው ሁሉ ይዛባል። ተማሪው ፒዲኤፍ አድርጎ እንዲያመጣ ንገረው።

ሰኞ ገበያ፦ ፒችትሪውን አትንካው። ዳታቤዙ የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን ስር አስተማማኝ አይደለም፣ የሰው ሒሳብ ደግሞ መሞከሪያ አይሆንም። ያንን ማሽን ዊንዶውስ ላይ ተወው፣ ከኢንተርኔት አውጣው፣ ባክአፑን በውጭ ዲስክ ያዝ።

የደንበኛ ፍላሽ ላይ ግን ሚንት ይሻልሃል። ሾርትከት ቫይረስ ደብቆ በሾርትከት የተካቸው ፎልደሮች ሚንት ላይ እንደወትሮው ይታያሉ፤ ቫይረሱም አይነሳም። ሾርትከቶቹን አጥፍተህ ፍላሹን መልስ፣ አለዚያ ለቀጣዩ ኮምፒውተር ይተርፋል።

ፒያሳ ጽሕፈት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ከፍላሽ አስነሳሁት፣ አማርኛው ሠርቷል። አንዱ ማሽን ላይ ግን ዋይፋይ አይታይም።

ቧንቧ ውሃ፦ የዋይፋይ ካርዱ ብሮድኮም የሚባለው ይሆናል፤ ድራይቨሩ ለብቻ ይጫናል። ስልክህን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝና ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማካፈያ) አብራ፤ ሚንት እንደ ኬብል ኔትወርክ ያየዋል። ከዚያ ድራይቨር ማናጀርን ክፈት፣ የሚያቀርብልህን ጫን። ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን ካደረግህ ዊንዶውሱ ላይ ፈጣን ማስነሻውን ፋስት ስታርትአፕን አጥፋ፤ ካልጠፋ የዊንዶውሱ ዲስክ ሚንት ላይ ለንባብ ብቻ ይከፈታል፣ ፋይል ማስቀመጥ አትችልም።