በጫካ ውስጥ ለሚዘጋጅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ የተገኘውን ድጋፍ እንዴት እንደልድል?

ቀራፂ ከሽሮ ሜዳ፦
ጤና ይስጥልኝ። አምስት ሠዓሊያንና ቀራፂያን ሆነን በእንጦጦ ባሕር ዛፍና ጽድ መካከል ለሦስት ሳምንት የሚቆይ ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ያቀረብነው ፕሮፖዛል ተቀባይነት አግኝቶ፣ በዩሮ የሚከፈል መጠነኛ ድጋፍ ተፈቅዶልናል። 70 በመቶው ስምምነቱ ሲፈረም፣ ቀሪው ደግሞ ሪፖርትና ደረሰኝ ስናስረክብ ይለቀቃል። አብዛኛውን ገንዘብ ለዘጠኝ ሥራዎች ማምረቻ መድበን ስናበቃ ለማጓጓዣና ለጥበቃ የቀረው እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው። ቀኑም አልተቆረጠም፤ ሁለታችን አደይ አበባው ሳይረግፍ በመስከረም ይሁን ስንል፣ ሦስቱ ኅዳርን ይመርጣሉ። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን።

የቀድሞ አስተባባሪ፦
መስከረም አያዋጣችሁም። ክረምቱ የጠጣው መሬት ገና ስለማይጠነክር መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ አይገባም፤ እኛ አንድ ጊዜ የብረት ሥራ ለስምንት ተሸክመን ዳገቱን ስንወጣ፣ የተከራየነው መኪና ከታች ቆሞ ሲያስከፍለን ዋለ። በኅዳር ሰማዩም መንገዱም ይመቻል፣ የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን በድንገት ስለሚጥልና ቅርፊቱም እየተላጠ ስለሚወርድ፣ እኔ ብሆን ሥራዎቹን ወደ ጽዱ አስጠጋለሁ። ምስማር ከቶ አትምቱ፤ ግንዱን በታጠፈ ጆንያ ጠቅልላችሁ በላዩ ገመድ እሰሩ፣ ገመዱም በየሦስት ቀኑ ይፈተሽ። ይህን የሚፈትሽ፣ ሌሊት የሚጠብቅና በመጨረሻም ሥራውን የሚያነሣ ሰው ደመወዝ ስለሚፈልግ፣ ከጠቅላላው ሩብ ያህሉን ለዚህ አስቀሩ።

የሒሳብ ሠራተኛ፦
እኔን ያሳሰበኝ ደረሰኙ ነው። አጣና ሻጩም አህያ ነጂውም ደረሰኝ የላቸውም፤ ስለዚህ በፊርማና በመታወቂያ ቅጂ የተደገፈ የክፍያ ሰነድ ይቀበሉ እንደሆነ ድጋፍ ሰጪውን ገንዘቡ ሳይወጣ በጽሑፍ ጠይቁ። የበጀት ርእስ ማዛወርም እንዲሁ አስቀድሞ ይፈቀድ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፣ ሪፖርታችሁ ላይ ባንኩ ዩሮውን የመነዘረበትን ቀንና ተመን አያይዙ። በግል ሒሳብ ገንዘብ መቀበልን ግን አልመክርም፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ማኅበር ካላችሁ በእርሱ ስም ይግባ።

ዛፍ ወዳጅ፦
በእንግሊዙ ግሪዝዴል ደን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1977 ጀምሮ፣ ቀራፂያን በቦታው እየሰነበቱ እዚያው ከተገኘ እንጨትና ድንጋይ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ብዙዎቹ ሥራዎችም በጊዜ ብዛት እንዲበሰብሱ የታሰቡ ነበሩ። ከብረቱ ቀንሳችሁ ወደዚህ ብታዘነብሉ የማጓጓዣው ጭንቀት ይቀላል። የወደቀ እንጨት ቢሆንም ያለ ደኑ አስተዳዳሪ የጽሑፍ ፈቃድ አይነሣም።

ቀራፂ ከሽሮ ሜዳ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ቀኑ ኅዳር ሆኗል፤ ሁለት የብረት ሥራዎች ተሰርዘው ገንዘባቸው ወደ ጥበቃና ማንሻ እንዲዛወር የሚጠይቀውን ደብዳቤ እያረቀቅን ነው። ከተሰረዙት አንዱ የእኔ ነው።