ከቁርጭምጭሚት ቀዶ ጥገና በኋላ መርገጥ ፈራሁ፤ እናንተ እንዴት ጀመራችሁ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ደረጃ ስወርድ ተንሸራትቼ ቁርጭምጭሚቴ በውስጥም በውጪም በኩል ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ በውጪ በኩል ብረትና ብሎኖች፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ሁለት ብሎን ገባልኝ። 6 ሳምንት ሙሉ እግሬን መሬት አላስነካሁም። ባለፈው ሳምንት ራጅ ተነሳሁና ሐኪሙ አጥንቱ ጥሩ እየያዘ ነው፣ አሁን ቡቱን (ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ የሚይዘውን የሕክምና ጫማ) አድርገሽ በሁለት ክራንች ቀስ በቀስ መርገጥ ትችያለሽ አለኝ። በቃ ይኸው ነው። ደስ ብሎኝ ነበርና ምን ያህል፣ እንዴት ብዬ ሳልጠይቀው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ልሞክር ብዬ ቆምኩ። እግሬን መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ ግን ክብደቴን ልሰጠው አልቻልኩም። ውስጥ እግሬን በብዙ መርፌ የሚወጉኝ መሰለኝ፣ ተረከዜ ወለሉን ሲነካ ድንግጥ አልኩ። ከጉልበቴ በታች ያለው እግር የኔ አይመስለኝም። ባቴ ከስቶ የሌላኛውን ግማሽ አክሏል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ቁጭ ብዬ ወደ ታች ሳወርደው ደግሞ ይጠቁርና ወይን ጠጅ ይሆናል። ማታ ማታ ያብጣል። ትንሽ ጫን ስል ብሎኑ ተነቀለ እያልኩ እሰጋለሁ። ይሄ ሁሉ ያለ ነው? ያለፋችሁበት ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ 1

እግዜር ይማርሽ እህቴ። እኔ ከተሰበርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የጻፍሽውን ሳነብ ያቺ የመጀመሪያዋ ቀን ትዝ አለችኝ። መርፌ መርፌ ማለቱም፣ መጥቆሩም፣ መላጡም፣ ሁሉንም አይቼዋለሁ። እግሩ ለሳምንታት ሥራ ፈትቶ ነው የከረመው፣ ደሙም ወደ ታች ሲወርድ ቶሎ አይመለስም። መራመድ ስትጀምሪ ቀለሙ እየተስተካከለ ይመጣል።

ግን መጀመሪያ ሐኪምሽ ጋ ደውይ። ስንት ኪሎ እንድትጭኚ እንደሚፈቅድ በቁጥር ይንገርሽ። ስብራቱ ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች የሚያያይዘውን ጅማት ነክቶ ከሆነ አንዳንዱ ሐኪም ረዘም ያለ ጊዜ ያስጠብቃል፣ ስለዚህ የኔን ልክ ላንቺ ልሰጥሽ አልችልም።

ቁጥሩን ካወቅሽ በኋላ እኔን ከፍርሃት ያወጣኝን ልንገርሽ። የሰውነት ክብደት መለኪያ ሚዛን ነው። ሚዛኑን መሬት ላይ አስቀምጪ፣ ጤነኛውን እግርሽን በሚዛኑ ቁመት ልክ ጠንካራ ነገር ላይ አቁሚ፣ ሁለቱን ክራንች ያዢና የታመመውን እግርሽን ሚዛኑ ላይ አድርገሽ ቀስ እያልሽ ተጫኚ። እኔ 70 ኪሎ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን ቀስቷ 8 ላይ ስትደርስ ላብ አጠመቀኝ። በማግስቱ 10፣ ከዚያ 15። ቁጥሩን ሳይ ግን "እየጫንኩ ነው፣ ምንም አልሆነም" ማለት ጀመርኩ። 35 ስደርስ በሁለት እግሬ እኩል ቆምኩ ማለት ነው። መራመድ ግን ሌላ ነው፣ አንዷን እርምጃ ስትራመጂ ለአፍታ ሙሉ ክብደትሽ በዚያ እግር ላይ ስለሚያርፍ ከ35 እስከ 70 ያለው መንገድ ከመጀመሪያው ይልቅ ረጅም ነው። አይገርምሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቡቱ ሶሉ ወፍራም ስለሆነ አንዱ እግርሽ ይረዝማል፣ ወገብሽም ያምሻል። በሌላኛው እግር ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ አድርጊበት።

መልስ 2

እኔ ክራንቹን ቶሎ ጥዬ የተጸጸትኩ ነኝ። ሰው ሁሉ "ጎበዝ፣ ቶሎ ጣልሽው" ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። እያነከስኩ ግን ወራት አለፉ። አጥንቱ ከዳነ በኋላ እንኳን ማንከሱ ልማድ ሆኖ ቀረ፣ ጉልበቴና ዳሌዬ መታመም ጀመሩ፣ ያንን ለማስለቀቅ ከስብራቱ የበለጠ ለፋሁ። በክራንች ቀጥ ብሎ መሄድ ያለ ክራንች እያነከሱ ከመሄድ በብዙ ይሻላል። እባክሽ አትቸኩዪ።

መልስ 3

በፊዚዮቴራፒ ነው የምሠራው፣ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ክራንች የሚጣለው ሳታነክሺ መሄድ ስትችዪ ነው፣ ቀን ቆጥረሽ አይደለም። ከሁለት ወደ አንድ ስትወርጂ ደግሞ ክራንቹን የምትይዢው በጤነኛው እግር በኩል ባለው እጅሽ ነው። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዝና ወደዚያ ይዘማል።

ስትራመጂ ተረከዝሽ ይቅደም፣ ከዚያ ውስጥ እግርሽ፣ መጨረሻ ላይ በጣትሽ ግፊ። እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ግን ሁለቱም እግሮች እኩል ይራመዱ። የፈራ ሰው የታመመውን እግር ሩቅ ያስቀድምና ጤነኛውን እስከሱ ድረስ ብቻ ያመጣል። ይህን ብታዩት ገና በመጀመሪያው ሳምንት አርሙት።

ብዙዎቻችሁ ጥንካሬ ላይ ታተኩራላችሁ እንጂ ዋናው ችግር የቁርጭምጭሚቱ መድረቅ ነው። ሰውነታችሁ በእግራችሁ ላይ ሲያልፍ ቅልጥማችሁ ወደ ፊት ዘንበል ማለት አለበት፣ ቁርጭምጭሚቱ ካልታጠፈ ተረከዛችሁ ያለጊዜው ይነሳል፣ ወይ እግራችሁ ወደ ውጪ ይዞራል። ሐኪምሽ ቡቱን አውልቀሽ እንድታንቀሳቅሺ ከፈቀደልሽ ቁጭ ብለሽ እግርሽን ዘርጊ፣ ፎጣ ከጣቶችሽ ሥር ባለው ክፍል ላይ አዙሪ፣ ጉልበትሽ ሳይታጠፍ ወደ ራስሽ ሳቢና 30 ሰከንድ ያህል ያዢ። በቀን ደጋግመሽ አድርጊው። መሳብ ይሰማሽ እንጂ የሚቆርጥ ሕመም እስኪመጣ አትግፊ።

ደረጃ ላይ ስትወጪ ጤነኛው ይቅደም፣ ስትወርጂ ክራንቹና የታመመው።

ይህን ደግሞ እንዳትረሺ። ባትሽ ላይ አዲስ ሕመም ከመጣ ወይም እግርሽን ሰቅለሽም እብጠቱ የማይቀንስ ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታዪ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ቁስሉ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ እንደዚሁ አትጠብቂ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዴት እንዳቀለላችሁኝ። ደወልኩ። ለመጀመሪያው ሳምንት እስከ 20 ኪሎ፣ ከዚያ ሕመሙ እየፈቀደ ጨምሪ ተባልኩ። ዛሬ ጠዋት ሚዛኑ ላይ 12 አየሁ። መርፌው አሁንም አለ፣ ግን ሦስተኛው ሙከራ ላይ ቀለል አለ። አንድ ነገር ብቻ፣ በውጪ በኩል ካለው ጠባሳ ወደ ጣቶቼ ያለው ቆዳ ደንዝዟል። እብጠቱስ መቼ ነው የሚጠፋው?

መልስ 1

ከጠባሳው ወደ እግር ጀርባ የሚወርድ ቀጭን ነርቭ አለ፣ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ስለሚነካካ መደንዘዙ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው። የኔ በወራት ውስጥ እየቀነሰ መጣ፣ አሁን የቀረችኝ አንዲት ሳንቲም የምታክል ቦታ ናት። ለሐኪምሽም ንገሪው። እብጠቱ ግን ረጅም ነው፣ ወራት ይቆያል፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ዓመት። እኔ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የካልሲው ጠርዝ ጥልቅ ምልክት ትቶ ነበር የማገኘው። ቀን ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጋደም በይና እግርሽን ከልብሽ ከፍ አድርገሽ በትራስ ስቀዪው። ነገ ስንት እንዳየሽ ጻፊልን።